ሶናታና ምልክት፦ ለቫዮሊን የተደረሰውን የእልፍኝ ሙዚቃ በአማርኛ ስለ መሰየም

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአውሮፓ በ17ኛው ምእት ዓመት ተወልዶ እስከ 18ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የኖረውን፣ ለአንድ ቫዮሊንና ከሥሩ ለሚሄድ ወፍራም ድምፅ የሚደረሰውን “ሶናታ” የተባለ የሙዚቃ ዓይነት ታሪክ በአጭሩ መተረክና፣ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዙት ቃላት ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ የትኛው መንገድ እንደሚበጅ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አንባቢ ስለ ሮማና ስለ ቬኒስ ሙዚቃ ለመናገር ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ መሄድ ለምን አስፈለገ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የስያሜ ሥራ በባዶ ሜዳ ላይ አይጀመርም። አንድ የውጭ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲገባ ቀድሞ የተያዘ ቦታ ያገኛል፤ በቦታው ላይም ነባር ቃላት ተቀምጠው ይጠብቁታል። በሙዚቃ ረገድ ይህ የተያዘ ቦታ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዜማ ቤቶች ነው፤ ከዜማ ቤቶችም የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም በጋይንት፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ምድር ይገኛሉ። በስሙ “ቆማ ቤት” የሚባል የዜማ ስልት ያለው ቆማም በእስቴ ነው። ስለዚህ ለሶናታ ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ ሳያውቀውም ቢሆን ከእነዚህ ቤቶች ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ሲደርስ ምን ይዞ መውጣት እንደሚገባውና ምን ነገር ባለበት ትቶ መሄድ እንዳለበት መለየት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

1. ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት ዓመታት

የመዝገበ ቃላት ሰዎች የ1698ን ዓመት አይዘነጉትም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላቱን በፍራንክፈርት ያሳተመው በዚህ ዓመት ነው። ሉዶልፍ ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የሄዱትን አባ ጎርጎርዮስን በሮማ ያገኛቸው በ1649 ሲሆን፣ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን ወደ ጎታ ሄደው ለወራት አብረው ሠርተዋል። የአማርኛ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት ፊደል ተደርድረው መዝገበ ቃላት የሆኑት ከዚህ ጉርብትና የተነሣ ነው።

የሉዶልፍ መጽሐፍ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር 1 ቀን 1700 የሚል ቀን ያለው ሌላ መጽሐፍ በሮማ ታተመ። ደራሲው ጣሊያናዊው የቫዮሊን ሊቅ አርካንጄሎ ኮሬሊ (1653–1713) ነው። መጽሐፉ አምስተኛ ሥራው ሲሆን በውስጡ ለቫዮሊንና ለወፍራም ድምፅ የተደረሱ 12 ሶናታዎች ይገኛሉ። በአውሮፓ ከዚያ በኋላ ቫዮሊን የተማረ ሁሉ ይህን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ሲደግመው ኖረ ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

በዚያው ወራት፣ ይኸውም በ1699 እና በ1700፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በጎንደር በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706) ቤተ መንግሥት ነበረ። ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ከተቆረቆረች ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗት፣ ከደብር ደብር የሚሰማው ዜማ የደመቀበት ዘመን ነበር። ይህን ሁሉ ጎን ለጎን የምናስቀምጠው አንዱ ከሌላው ወርሷል ለማለት አይደለም። ሁለቱ ሙዚቃዎች በአንድ ዘመን፣ ሁለቱም በሊቃውንት እጅ፣ ሁለቱም በጽሕፈትና በቃል ትምህርት መካከል ቆመው እንደ ነበር ለማሳየት ብቻ ነው። ይህ የኋለኛው ነጥብ፣ ይኸውም በጽሕፈትና በቃል መካከል መቆም የሚለው፣ ወደ ፊት የምንመለስበት ቁም ነገር ነው።

2. የሶናታ አመጣጥ

“ሶናታ” የሚለው ቃል የጣሊያንኛ ሲሆን ማሰማት፣ መሣሪያ መጫወት ከሚል ግስ የወጣ ነው። ትርጓሜው “በመሣሪያ የተሰማ” ማለት ነው። ጓደኛው “ካንታታ” ደግሞ መዘመር ከሚለው ግስ ወጥቶ “በሰው ድምፅ የተዘመረ” ማለት ይሆናል። ስለዚህ ሶናታ በመጀመሪያ የቅርጽ ስም አልነበረም፤ ሰው የማይዘምርበት፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ መሆኑን የሚለይ ስም ነበር።

በ1600 ግድም በጣሊያን አገር አንድ ትልቅ ለውጥ ሆነ። ቀድሞ አራትና አምስት ድምፆች እኩል እየተጠላለፉ የሚሄዱበት ሙዚቃ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ደራስያን አንድ ድምፅ ከላይ ጎልቶ እንዲናገር፣ ሌላ አንድ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከታች መሠረት ሆኖ እንዲሸከመው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በተጫዋቹ ብልሃት እንዲሞላ አደረጉ። ሎዶቪኮ ቪያዳና በ1602 ያሳተመው የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ይህን ከዳር እስከ ዳር የማይቋረጥ ወፍራም ድምፅ ካስፋፉት ሥራዎች አንዱ ነው። ጣሊያኖች “ባሶ ኮንቲኑዎ” አሉት፤ በአጭሩ “ኮንቲኑዎ” ተባለ።

ቫዮሊን በዚህ አዲስ ሥርዓት የሰውን ድምፅ ስፍራ ያዘ። ጆቫኒ ፓኦሎ ቺማ በ1610 በሚላኖ ያሳተመው፣ ቢያጆ ማሪኒ በ1617፣ ዳርዮ ካስቴሎ በ1621 በቬኒስ ያወጧቸው ሥራዎች ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይቆጠራሉ። በምእት ዓመቱ አጋማሽ ገደማ ሶናታ ሁለት ዓይነት መልክ ያዘ። አንደኛው አዝጋሚና ፈጣን ክፍሎች እየተፈራረቁ የሚሄዱበት፣ በቤተ ክርስቲያንም ሊሰማ የሚችል ኮስታራ ዓይነት ነው። ሁለተኛው በመኳንንት እልፍኝ የሚሰማ፣ ክፍሎቹም አለማንዳ፣ ኮሬንቴ፣ ሳራባንዳ፣ ጂጋ በተባሉ ጭፈራዎች ስም የሚጠሩ ዓይነት ነው። የኮሬሊም መጽሐፍ በሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሶናታዎች ወደ ኮስታራው፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አንደኛው ያሉት ወደ እልፍኙ ያደላሉ። ዐሥራ ሁለተኛው ፎሊያ በተባለ የታወቀ ዜማ ላይ ተለዋዋጭ ሆኖ የተሠራ ነው።

ኮንቲኑዎን የሚጫወተው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ቸሎ ወይም መሰል ወፍራም ባለ አውታር መሣሪያ ይዞ የታችኛውን መስመር እንደ ተጻፈ ይጫወታል። ሌላው በሃርፕሲኮርድ፣ በኦርጋን ወይም ቲዮርቦ በተባለ ትልቅ ክራር መሰል መሣሪያ ያንኑ መስመር ይዞ፣ በላዩ ያልተጻፉትን ድምፆች ከልቡ ይሞላል። ደራሲው ለዚህ ሰው የሚሰጠው ከወፍራሙ ድምፅ ምልክት በላይ ወይም በታች የተጻፉ ጥቂት አኃዞች ብቻ ነው። አኃዝ ከሌለ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ ጨምር ማለት ነው፤ 6 ቢጻፍ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን፣ 7 ቢጻፍ ሰባተኛውን ጨምር ማለት ይሆናል። በየትኛው ጣት፣ በየትኛው ከፍታ፣ በምን ያህል ብዛት የሚለው ሁሉ ለተጫዋቹ ዕውቀትና ጨዋነት የተተወ ነው።

ቫዮሊን ተጫዋቹም ቢሆን የተጻፈለትን ብቻ አይጫወትም። ኮሬሊ ለአዝጋሚ ክፍሎች የጻፈው ባዶ አጥንት የሚመስል ዜማ ነው። በ1710 ገደማ በአምስተርዳም የወጣው እትም ኮሬሊ ራሱ ሲጫወተው የሚጨምራቸው ጌጦች ናቸው የተባሉትን አብሮ በማተሙ፣ በጽሑፉና በጨዋታው መካከል ምን ያህል ርቀት እንደ ነበረ ለማየት አስችሏል።

3. የጋይንትና የእስቴ ቤቶች

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን እንመልስ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት “ቤት” የሚለው ቃል ሕንፃን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ወገንን፣ ከመምህር ወደ መምህር የተላለፈ ስልትንም ያመለክታል። ቤተ ልሔም ቤት፣ ቆማ ቤት፣ አጫብር ቤት ሲባል አንድ ዓይነት ድጓ በተለያየ የዜማ አካሄድ የሚባልባቸው ወገኖች ማለት ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ዜማው ግን በቤቱ ይለያል።

ቅዱስ ያሬድ የዜማ አባት መሆኑን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች ከእርሱ እንደ ተቀበሉ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ለዜማው የሚሆን የጽሕፈት ምልክት የተሰናዳው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ሆነው ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ዘመኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ምልክቱ የተሠራው በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ከተቃጠሉ፣ ብዙ መምህራንም ካለቁ በኋላ ነው። ቃል ብቻውን ሊጠፋ እንደሚችል የታየበት ዘመን ጽሕፈትን ወለደ ማለት ነው።

ምልክቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ፣ በኋላም የተጨመሩት ድርስና አንብር ናቸው። እነዚህ ድምፅ የሚያዝበትን፣ የሚወርድበትን፣ የሚንከባለልበትን፣ የሚቆረጥበትን ስፍራ ያሳያሉ። ሁለተኛው ወገን ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፉት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት የፊደል ምልክቶች ናቸው። አንዱ ፊደል ወይም ሁለት ሦስቱ ፊደላት በድጓው ውስጥ የታወቀ ዜማ ካለው ቃል ላይ የተወሰዱ አጽሕሮተ ቃላት ሲሆኑ፣ “ይህን ስፍራ ያን በምታውቀው ቃል ዜማ በለው” ይላሉ። ያን ቃል በዜማው ለማያውቅ ሰው ፊደሉ ምንም አይነግረውም። ለዚህም ነው የድጓ ተማሪ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃል የሚያጠናው፤ ለማስመስከር ሲደርስም ድጓውን ከነምልክቱ በእጁ የሚጽፈው።

ቤተ ልሔም ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ አላት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቶማስ ፓከንሃም በ1955 ወደ ስፍራው ሄዶ እንደ አየው፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን የሚመስለው ሕንፃ በውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ የቀድሞ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አቅፎ ይዟል። በድጓውም እንዲሁ ነው፤ በብራናው ላይ የሚታየው ክቡ ነው፤ ውስጡ ያለው ማዕዘን የሚታየው ለገባ ሰው ነው።

4. አኃዝና ምልክት

እንግዲህ የኮሬሊ አኃዝና የቤተ ልሔም ምልክት ምን ይመሳሰላሉ? ሁለቱም ከዋናው መስመር ጎን በትንሹ የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም ያልተጻፈ ብዙ ነገር እንዳለ ይጠቁማሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ለተማረ ሰው ብቻ ነው።

ነገር ግን ልዩነታቸው ከመመሳሰላቸው አያንስም። አኃዙ ርቀት ይቆጥራል፤ ከዚህ ድምፅ ስድስት ደረጃ ከፍ በል ይላል እንጂ የትኛውን የታወቀ ዜማ አስታውስ አይልም። ምልክቱ ግን ርቀት አይቆጥርም፤ ሙሉ የዜማ ሐረግ ከትውስታ ይጠራል። አኃዝ ለሚያሰላ ሰው፣ ምልክት ለሚያስታውስ ሰው የተጻፉ ናቸው ማለት ይቻላል። አኃዝን “ምልክት” ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት ያፈርሳል፤ የድጓን ምልክት ለውጭ ሰው “ቁጥር መሰል ነገር” ብሎ የሚያስረዳም እንዲሁ።

አንድ ሌላ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሁሉ ይበልጣል። በ18ኛው ምእት ዓመት ደራስያን የሃርፕሲኮርዱን ድርሻ ቀስ በቀስ ሙሉ በሙሉ መጻፍ ጀመሩ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለቫዮሊንና ለሃርፕሲኮርድ በደረሳቸው ስድስት ሶናታዎች የተጫዋቹን ቀኝ እጅ በአብዛኛው ራሱ ጽፎታል። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል በ1762 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል የኮንቲኑዎን ጥበብ በሰፊው አስተማረ፤ ነገር ግን ትምህርቱ የተጻፈው ልማዱ ሊያልፍ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ አኃዙን አይቶ ወዲያው የሚጫወት ሰው እያነሰ ሄደ። የኮሬሊ ወረቀት በየቤተ መጻሕፍቱ ነበረ፤ አኃዙም በቦታው ነበረ፤ የጠፋው የሚያነበው እጅ ነው። በ20ኛው ምእት ዓመት የተነሡ ሊቃውንትና ተጫዋቾች ጥበቡን ከእንዲህ ያሉ መጻሕፍት እየለቀሙ እንደ ገና ማቆም አስፈለጋቸው። ይህም ማለት የቃላቱን ፍቺ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ጥበቡ አይመለስም ነበር ማለት ነው።

5. የቃላቱ ምርመራ

ከዚህ በላይ የተባለውን መሠረት አድርገን ዋና ዋናዎቹን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከት።

ሶናታ። ቃሉን “ድምፃዊ ድርሰት” ወይም “የመሣሪያ ዜማ” ብሎ ለመተርጐም ይቻል ይሆናል። ነገር ግን “ድምፃዊ” በአማርኛ ዘፋኝ ማለት ስለሆነ ለሶናታ ሲሰጥ የቃሉን ትርጕም ገልብጦ ለካንታታ ያስረክበዋል። “የመሣሪያ ዜማ”ም ከሶናታ ውጭ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ሶናታ የአንድ ዓይነት የታወቀ ስም በመሆኑ እንደ ድጓ፣ እንደ ዝማሬ ሳይተረጐም ቢቀመጥ ይሻላል። የውጭ ሰው ድጓን ሳይተረጉም እንደሚጽፈው እኛም ሶናታን እንዳለ እንጻፈው።

የእልፍኝ ሙዚቃ። የጣሊያንኛው “ካሜራ” በዘመኑ የመኳንንት የውስጥ ቤት ማለት ነው። በአማርኛ “የክፍል ሙዚቃ” ቢባል ክፍል የሚለው ቃል የትምህርት ቤት ክፍልንም የድርሰት ክፍልንም ስለሚያመለክት ያምታታል። “የጓዳ ሙዚቃ” ቢባል ደግሞ ከእንስራና ከማጀት ጋር ይያያዛል። እልፍኝ ግን በትክክል የተፈለገው ነው። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ግብር የሚገባበት ሰፊው ቤት አዳራሽ፣ ጌታው ከቅርብ ሰዎቹ ጋር የሚቀመጥበት ቤት እልፍኝ ይባል ነበር። ወደ ጌታው የሚገባውን የሚያስገባና የሚከለክለው ሹምም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። በአውሮፓም ቋንቋዎች የዚህ ዓይነቱ ሹም መጠሪያ ከዚያው “ካሜራ” ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቤት ሠርተው ሲገኙ ተርጓሚ ሌላ ቤት መሥራት የለበትም።

የቤተ ክርስቲያን ሶናታ። ትርጕሙ ቀላል ቢመስልም ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መሰንቆም ሆነ ቫዮሊን በቅዳሴ ስለማይገባ፣ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ማኅሌት መሰል ነገር ያስባል። ስለዚህ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ሲገባ “በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን” የሚል መግለጫ ሊከተለው ይገባል።

ኮንቲኑዎ። እዚህ ላይ አራት ቃላት ይወዳደራሉ። “አጃቢ” የሚለው በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አጃቢ ከጌታው ኋላ የሚሄድ ነው፤ ኮንቲኑዎ ግን ከሥር ተሸካሚ ነው። “ተቀባይ” የሚለው ሌላው ዝምታ ሲያደርግ የሚመልስ፣ የሚቀበል ማለት ስለሆነ አይስማማም፤ ኮንቲኑዎ ተራ አይጠብቅም። “ተከታታይ” አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጥል፣ እንደ ትረካ የሚከፋፈል ነገርን ያሳስባል። “ቀጣይ ባስ” ቢባልስ? በዛሬው አማርኛ “ባስ” የሰው ማመላለሻ ስም ስለሆነ፣ የኮንሰርት መግለጫ የሚያነብ ሰው የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ መጠየቁ አይቀርም።

እኛ የምንደግፈው “ዘላቂ መሠረት” የሚለውን ነው። ዘለቀ ማለት ከአንዱ ዳር ገብቶ በሌላው ዳር ወጣ፣ እስከ ፍጻሜ ደረሰ ማለት ነው፤ የጣሊያንኛውም ቃል የሚለው ይህንኑ ነው። መሠረት የሚለውም “ባስ” ለሚለው ይበቃል፤ የወፍራሙ ድምፅ ተግባር መሸከም ነውና። በዚህ መሠረት አኃዝ የተጻፈበት ሲሆን “ባለ አኃዝ መሠረት” ይባላል። “ባለ ምልክት” ያላልንበት ምክንያት ከላይ በአራተኛው ክፍል ተገልጿል።

የሶናታ ክፍሎች። በአውሮፓ ቋንቋዎች እነዚህ ክፍሎች በ“እንቅስቃሴ” ስም ይጠራሉ። ይህን ቃል በቃል መተርጐም አይበጅም፤ በአማርኛ “የሶናታው ሁለተኛ እንቅስቃሴ” ሲባል የአካል ወይም የማኅበር ጉዳይ ይመስላል። ደግሞ አንዳንዱ ሰው ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜ፣ በመረግድ አልፎ በጽፋት የሚፈጥነውን የማኅሌት ሥርዓት አይቶ እነዚህን ስሞች ለሶናታ ክፍሎች ሊያውላቸው ይመኝ ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት አንዱኑ ቃል በልዩ ልዩ አካሄድ፣ በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል፣ በጭብጨባ የማለት ስልቶች ናቸው። የሶናታ ክፍሎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዜማ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ “ክፍል” የሚለው ተራ ቃል ይበቃል፤ ፍጥነቱም “አዝጋሚ”፣ “መካከለኛ”፣ “ፈጣን” ተብሎ ይገለጻል።

ቫዮሊንና መሰንቆ። ሁለቱም በጭራ ደጋን የሚጫወቷቸው በመሆናቸው ቫዮሊንን “መሰንቆ” ብሎ የመተርጐም ፈተና አለ። ይሁን እንጂ ቫዮሊን አራት አውታር ያለው፣ ከትከሻ የሚደገፍ፣ አውታሩ ከአንገቱ እንጨት ላይ በጣት የሚጫን ነው። መሰንቆ አንድ የጭራ አውታር ያለው፣ ቁልቁል ተይዞ አውታሩ ከእንጨቱ ሳይነካ በጣት የሚዳሰስ ነው። ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በግዕዝ መሰንቆ ሰንቀወ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን በጥንቱ የመጽሐፍ ትርጕም በገናንና ክራርን ለመሰሉ መሣሪያዎች ይሰጥ ነበር። በአማርኛ ወደ ባለ ደጋኑ ዞረ። አንድ ጊዜ የዞረን ቃል ዳግመኛ ወደ ቫዮሊን ማዞር መሰንቆን ስም አልባ ያደርገዋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሠርግ ላይ መሰንቆውን ይዞ የሚቀርበው አዝማሪ ስሙን ለማንም ሊያበድር አይገባውም።

መጫወት። አማርኛ ለየመሣሪያው የየራሱን ግስ ሰጥቷል። መሰንቆና ክራር ይመታሉ፤ በገና ይደረደራል፤ ዋሽንትና እምቢልታ ይነፋሉ። ቫዮሊን ከነዚህ ከየትኛው ይገባል? በቀድሞ ጊዜ “ቫዮሊን መምታት” ይባል ነበር፤ ዛሬ “መጫወት” አሸንፏል። ይህ ለውጥ ከውጭ ቋንቋ የመጣ ቢሆንም ተለምዷልና መከልከል አያስፈልግም። ነገር ግን መሰንቆ “መጫወት”፣ በገና “መጫወት” እየተባለ የነባሮቹ ግሶች ልዩነት እንዳይጠፋ መዝገበ ቃላቱ ለየመሣሪያው ግሱን ለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል።

6. የመዋስ ዋጋ

ከዜማ ቤት ቃል መዋስ ያለ ዋጋ አይገኝም። ለዚህ ማስረጃው “ዜማ” የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቀድሞ ዜማ ሲባል ያሬዳዊው ዜማ በቅድሚያ ይታሰብ ነበር፤ ዛሬ ማናቸውም የዘፈን አካሄድ ዜማ ነው። “ምልክት”ም ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ጀምሮ ሁሉን ያቅፋል። “ይዘት” በጽሕፈት ቤት አማርኛ የመጽሐፍ ወይም የዕቃ ውስጥ ማለት ከሆነ ቆይቷል። ነገ አንድ ተርጓሚ “ርክርክ”ን ለቫዮሊን ጌጥ፣ “ቁርጥ”ን ለአጭር ድምፅ፣ “ሂደት”ን ለፈጣን ሩጫ ቢያውላቸው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የድጓ ተማሪ የራሱን ቃል ፍቺ ከቫዮሊን መጽሐፍ ሊፈልግ ይገደዳል። ቃል ለሀብታም ሲበደር እንዲህ ነው፤ ተበዳሪው ባለቤት ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ አቋማችን የሚከተለው ነው፦ ከቤተ ልሔም፣ ከዙር አምባና ከቆማ መውሰድ የሚገባን ሙያ ነክ ስሞቻቸውን ሳይሆን የስያሜ ዘዴያቸውን ነው። ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ስልት አጭር፣ ከግስ የወጣ፣ የሚሠራውን ሥራ የሚናገር ስም ሰጥተዋል፤ ይዘት ይይዛል፤ ቁርጥ ይቆርጣል፤ ድፋት ይደፋል። “ዘላቂ መሠረት” የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ ዘልቆ ይሸከማል።

ይህ ጉዳይ የቃላት ብቻ እንዳልሆነ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ሕይወት ያስረዳል። በ1923 የተወለዱትና በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ተምረዋል። ከመነኮሱ በኋላ በ1960ዎቹ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ በደጀ ሰላም ውጭ የሚያድሩትን፣ ቁራሽ ለምነው የሚማሩትን የዜማ ተማሪዎች አዩ። በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለእነዚህ ተማሪዎች እንዲውል ያሰቡት ነበር። እማሆይ የሁለቱን ሙዚቃ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱን ግን አላደባለቁም፤ አንዱ ለሌላው እንዲደርስለት አደረጉ እንጂ። የተርጓሚም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተደረገው ምርመራ በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ሶናታ — ሳይተረጐም ይቀመጥ፤ መግለጫው “በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ፣ በክፍሎች የተከፈለ ድርሰት”።
የእልፍኝ ሶናታ — በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የሚሰማ፣ ክፍሎቹ በጭፈራ ስም የሚጠሩ።
የቤተ ክርስቲያን ሶናታ — “በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን” ከሚል መግለጫ ጋር።
ዘላቂ መሠረት — ኮንቲኑዎ።
ባለ አኃዝ መሠረት — አኃዝ የተጻፈበት ኮንቲኑዎ።
ክፍል — እንቅስቃሴ የሚለው ቃል በቃል ትርጕም ይቅር።
ጌጥ — ተጫዋቹ በተጻፈው ላይ የሚጨምረው፤ ርክርክ አይባልም።
ቫዮሊን — መሰንቆ አይባልም።

ይህ የስም ዝርዝር ግን የሥራው ግማሽ ነው። ኮሬሊ አኃዙን ጽፎ ሄደ፤ አኃዙን የሚያነበው ሰው ሲጠፋ ወረቀቱ ዲዳ ሆነ። የድጓው ምልክትም መምህሩ እስካለ ድረስ ይናገራል። የይዘትን፣ የደረትን፣ የርክርክን፣ የእያንዳንዱንም የፊደል ምልክት ፍቺ ከቤተ ልሔምና ከቆማ መምህራን አፍ ሰምቶ፣ በየቤቱ ያለውን ልዩነት ለይቶ፣ ከድምፅ ቅጂ ጋር አያይዞ የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት ከማናቸውም የውጭ ቃል ትርጕም በፊት ሊሠራ የሚገባው ነው። ለሶናታ ቃል ብናጣ ሶናታ እንላለን፤ ነገሩ አይጠፋም። የርክርክን ፍቺ ብናጣ ግን ከየትም አገር ልንዋሰው አንችልም።